ተርቧ ሆድ ላይ የተሰካው እንግዳ፦ ዜኖስ የት ይመደባል? የትስ ይኖራል?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በረንዳዬ ጥግ ሰባት ስምንት ተርቦች ተሰብስበው አየሁ። ቀፎ የላቸውም፣ አይሠሩም፣ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ፎቶ አንስቼ ሳጎላው አንዷ ሆድ ላይ ሦስት ቡናማ ነገሮች እንደ ሽብልቅ ተሰክተዋል። የስልኬ አፕ ‹ዜኖስ ቬስፓሩም› አለኝ። ሳነብ ግን ተምታታብኝ። አንዱ ጥንዚዛ ነው ይላል፣ ሌላው የዝንብ ዘመድ። አንድ ቦታ ፋሚሊው ስታይሎፒዴ ነው፣ ሌላ ቦታ ዜኒዴ። ትክክለኛው ምደባ የቱ ነው? የት የት አገር ይገኛል? ኢትዮጵያስ አለ? ተርብ የሚጎዳ ከሆነስ ቀፎዎቹን ለማጥፋት ልጠቀምበት እችላለሁ?»

ምላሽ፦ አፕዎ ጂነሱን፣ ማለትም ቅርብ ዘመድ ዝርያዎችን የሚያቅፈውን ወገን፣ አግኝቶታል፤ ዝርያውን ግን የሳተ ይመስለኛል። ያዩት ዜኖስ ነው፤ ተርብ ሆድ ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ነፍሳት። ዜኖስ ቬስፓሩም ግን የአውሮፓና የሜዲትራንያን አካባቢ ነው። እናንተ ዘንድ፣ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ የታወቀው ዜኖስ ፔኪ የሚባለው ነው። አፑ ለምን እዚያ እንደሄደ ለመገመት አይከብድም። ቬስፓሩም ከጂነሱ ሁሉ ቀድሞ ስም ያገኘና በብዛት የተጠና ነው። ማሽን ደግሞ ደጋግሞ ያየውን ነው የሚመልሰው። በዚያ ላይ ከስልክ ፎቶ ብቻ የዜኖስን ዝርያ መለየት ማሽን ቀርቶ እኔም አልችልም።

ሌላ መታረም ያለበት ነገር አለ። «ተሰክተዋል» ብለዋል፤ ከውጭ መጥቶ የገባ ነገር ይመስላል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የወጣው። የሚታይዎት የነፍሳቱ ጭንቅላትና ደረት ብቻ ነው። ቀሪው ሰውነት ተርቧ ሆድ ውስጥ ተጋድሟል።

በዚህ አይፈሩ፤ ዊልያም ከርቢም ተሳስቷል። ከርቢ እንግሊዝ አገር፣ ሰፎክ ውስጥ የገጠር ቄስ ነበር። በትርፍ ጊዜው ንብ ይሰበስባል። አንድ ቀን አንዲት ንብ ሆድ ላይ ትንሽ ነገር አየና ቅንቅን ነገር መሰለው። በመርፌ ጫፍ ሊያነሳው ሲሞክር ነጭና ለስላሳ ገላ ከንቧ ሆድ እየተጎተተ ወጣ። ያንን ነፍሳት በ1802 ስታይሎፕስ ብሎ ሰየመው። ጥያቄዎ ውስጥ ያለው «ስታይሎፒዴ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ በማይክሮስኮፕ ሥር አንዲት ተርብ ከፍቼ የዜኖስ ሴት አውጥቻለሁ። የተርቧ ሆድ ውስጥ ሌላ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ያለ አይመስልም ነበር። ከረጢቱ ሲቀደድ እንደ አቧራ የሚንቀሳቀሱ እጮች ሳህኑ ላይ ፈሰሱ። ከዚያ ወዲያ «ተርብ ላይ ያለ ነጥብ» ብዬ አላውቅም።

ፎቶዎን እንደገና ያጉሉት። ሦስቱ ነገሮች አንድ ዓይነት መሆን አለመሆናቸውን ይዩ። ጥቁር ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ትንሽ ቆብ ክብ ሆኖ፣ ከሆድ ቀለበቶቹ መሃል ጎላ ብሎ የወጣ ከሆነ ወንድ ነው፤ ሽፋኑ ውስጥ ሆኖ እየተለወጠ ነው። ጠፍጣፋ፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ እንደ ቅርፊት የተጋደመ ከሆነ ሴት ናት። ቆቡ ተከፍቶ ቀዳዳ ብቻ ከቀረ ደግሞ ወንዱ ወጥቶ ሄዷል። ይህን መለየት ለጨዋታ አይደለም። የተርቧ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው በዚህ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

ወንዱና ሴቷ የአንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ለማመን ይቸግራል። ሴቷ ክንፍ የላትም፣ እግር የላትም፣ ዐይን የላትም። ዕድሜዋን ሙሉ ከተርቧ አትወጣም። ወንዱ ግን ይበራል። የፊት ክንፎቹ ወደ ሁለት ትናንሽ ዱላዎች ተለውጠዋል፤ የኋላዎቹ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ዐይኑ እንደ እንጆሪ ጎርበጥ ያለ ነው። የዜኖስ ፔኪ ወንድ በአንድ ዐይኑ ወደ 50 የሚጠጉ ሌንሶች አሉት፤ እያንዳንዱ ሌንስ ከሥሩ የራሱ ሬቲና አለው። ሌሎች ነፍሳት በአንድ ሌንስ አንዲት ነጥብ ሲያዩ እሱ በእያንዳንዱ ሌንስ ቁራሽ ምስል ያያል። ይህን ሁሉ መሣሪያ ታጥቆ የሚኖረው ግን ጥቂት ሰዓት ነው። አይበላም። ሴት ፈልጎ አግኝቶ ይሞታል። ጠዋት ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጬው ቡና ጠጥቼ ስመለስ ሞቶ አግኝቼዋለሁ።

አሁን ወደ ምደባው። ጥንዚዛ ነው ወይስ ዝንብ? ሁለቱም አይደለም። የራሱ ኦርደር (ፋሚሊዎችን የሚያቅፍ ትልቅ ክፍል) አለው፤ ስትሬፕሲፕቴራ ይባላል። ትርጉሙ ጥምዝ ክንፍ ነው። ስሙን ያወጣለት ያው ከርቢ ነው፣ በ1813። ያነበቡት መምታታት ግን ከባዶ አልመጣም። ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ጥንዚዛ ነው ያሉት ሰዎች ወንዱ የሚበረው በኋላ ክንፉ ብቻ መሆኑን አዩ፤ ጥንዚዛም እንዲሁ ነው። እንዲያውም አንዳንዶች ከጥንዚዛ ውስጥ እንደ አንድ ፋሚሊ አስገብተውት ነበር። የዝንብ ዘመድ ነው የሚለው ደግሞ በ1990ዎቹ፣ የዲኤንኤ ንባብ ገና ሲጀመር የመጣ ነው። ዝንብም ሁለቱ ክንፎቿ ወደ ሚዛን መጠበቂያ ዱላ ተለውጠዋል። የእሷ የኋላዎቹ ናቸው፣ የዚህ የፊቶቹ። ያኔ የተነበቡት ጥቂት ጂኖች ሁለቱን አንድ ላይ አስቀመጧቸው። በኋላ ሲታይ የሁለቱም ጂኖች በፍጥነት የተለዋወጡ ስለነበሩ ነው የተመሳሰሉት። ሁለት ሰዎች ከየራሳቸው አገር ርቀው ሄደው አንድ ሆቴል ውስጥ ቢገናኙ ወንድማማች አይሆኑም። በ2012 የአንድ ስትሬፕሲፕቴራ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም ዲኤንኤው በሙሉ፣ ተነቦ ነገሩ ለየለት። ጥንዚዛዎችና ስትሬፕሲፕቴራ እህትማማች ኦርደሮች ናቸው። እህት ማለት ግን አንድ ማለት አይደለም። ከእንግዲህ «ጥንዚዛ ነው» የሚል ጽሑፍ ካዩ ያረጀ ነው፤ «የዝንብ ዘመድ ነው» የሚለውም እንደዚያው።

ፋሚሊውን በተመለከተ የዛሬው መልስ ዜኒዴ ነው። ስታይሎፒዴ የሚለው ከየት መጣ? ቀድሞ የንብና የተርብ ጥገኞች ሁሉ ስታይሎፒዴ በሚለው ስም ሥር ይቀመጡ ነበር፤ የተርቦቹ እንደ ንዑስ ፋሚሊ። ዛሬ ተለያይተዋል። በጥቅሉ ስታይሎፒዴ የንብ፣ ዜኒዴ የተርብ ነው። የሌሎች ነፍሳት ጥገኞች ደግሞ በሌሎች ፋሚሊዎች ተበትነዋል። ከነሱ አንዱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሚርሜኮላሲዴ የሚባሉት ወንዶቹ በጉንዳን ውስጥ ያድጋሉ፣ ሴቶቹ በፌንጣና በመሰሎቹ። እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት አንድ ቤት አያድሩም። ይህ በሳይንስ መታወቁ እንኳ ይገርመኛል፤ ወንዱን እዚህ፣ ሴቷን እዚያ ያገኘ ሰው ሁለት ዝርያ ነው ቢል ማን ይፈርድበታል?

ጂነሱ ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ዜኖስ የሚለውን ስም የሰጠው የፒሳው ፕሮፌሰር ፒየትሮ ሮሲ ነው፣ በ1793። ቃሉ ግሪክ ነው፤ እንግዳ ማለት ነው። በአማርኛም እንግዳ ስንል ቤት የመጣውንም፣ ያልተለመደውንም ነው፤ ለዚህ ነፍሳት ሁለቱም ይሆናል። ሮሲ ኦርደሩን አላወቀውም፤ ከተርብና ከንብ ወገን ቆጥሮት ነበር። ፔኪ የሚለው ደግሞ የሃርቫርዱን የተፈጥሮ ታሪክ ፕሮፌሰር ዊልያም ዳንድሪጅ ፔክን ለማክበር ከርቢ ያወጣው ነው። ስለዚህ የእርስዎ በረንዳ እንግዳ ስም ካገኘ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካዊው ዊልያም ድዋይት ፒርስ መጣ። ፒርስ ታታሪ ሰው ነበር፤ ግን አንድ ሐሳብ ይዞት ነበር። የአስተናጋጁ ተርብ፣ ማለትም እንግዳው የሚኖርባት ተርብ፣ ጂነስ ሲለይ የእንግዳውም ጂነስ ይለያል ብሎ ያምናል። ስለዚህ በትልልቅ ተርቦች ላይ ያለው ቬስፔዜኖስ፣ ቤሎኖጋስተር በምትባለው የአፍሪካ ተርብ ላይ ያለው ቤሎኖጋስቴክትሩስ፣ እያለ ስም ደረደረ። ምላስ የሚያስር ስም ሁሉ የሱ ነው። በ1941 ሪቻርድ ቦሃርት ኦርደሩን ሲከልስ ከነዚህ ብዙዎቹን ሰረዛቸው። በጥቂት ሰፋፊ ጂነሶች ጠቀለላቸው። እርስዎ የሚያገኟቸው የድሮ መጻሕፍት አብዛኞቹ የሚከተሉት ይህን ጥቅልል ምደባ ነው።

ከዚያ በ2022 ዳንኤል ቤንዳና ባልደረቦቹ ፋሚሊውን እንደ አዲስ አዩት። የሴቷን ጭንቅላትና ደረት፣ የወንዱንም ቆብ በጥንቃቄ እየመረመሩ፣ ቀድሞ ከወጣው የዲኤንኤ ውጤት ጋር እያመሳከሩ። ውጤቱ 13 ጂነሶችና 119 የተገለጹ ዝርያዎች ሆነ። ፒርስ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ማለት ነው። ቀድሞ ከተሰረዙት ስሞች አንዳንዶቹ ከመቃብር ተነሱ፤ ዩፓቶሴራና ሌዮኖቶዜኖስ ከነሱ ናቸው። ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። ቬስፔዜኖስና ቤሎኖጋስቴክትሩስ ዛሬም ዜኖስ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ዛሬ ዜኖስ ስንል ምን ማለታችን ነው? ወረቀት የሚመስል ቀፎ የሚሠሩ፣ በማኅበር የሚኖሩ ተርቦች እንግዳ ማለታችን ነው። ፖሊስቴስ የሚባለው የተርብ ጂነስ ዋናው ቤቱ ነው። የእስያ ትልልቅ ተርቦችም አሉበት፤ ቬስፓ የሚባሉት። ለብቻቸው የሚኖሩት ተርቦች ጥገኞች በሌሎቹ ጂነሶች ነው የሚመደቡት። ለምሳሌ ከጭቃ እንደ ትንሽ ገንቦ አድርጋ ቤት የምትሠራው ዴልታ የራሷ እንግዳ አላት፤ ዴልቶዜኖስ ይባላል።

ግን ይህን እንደ ሕግ አይያዙት። «ማኅበረኛ ተርብ ነው፣ ስለዚህ ዜኖስ ነው» ማለት አይቻልም። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ በመንጋ ሆነው ቀፎ የሚመሠርቱ ተርቦች ላይ የሚገኘው ብራዚዜኖስ ነው። ጃፓን ውስጥ ቬስፑላ በሚባሉ ማኅበረኛ ተርቦች ላይ ያለው ደግሞ ኒፖኖዜኖስ። አስተናጋጁ መንገዱን ያሳያል፣ በር ድረስ ግን አያደርስም። ፒርስ የተሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በሩን የሚከፍተው የሴቷ ጭንቅላትና ደረት ቅርጽ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ዲኤንኤ።

ዲኤንኤ ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ልስጥ። በምሥራቅ እስያ ትልልቅ ተርቦች ላይ ያለው ሁሉ ለረጅም ጊዜ ዜኖስ ሙቶኒ ይባል ነበር። ትልቅ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ሲያስተያዩት የቤተሰቡ ግዙፍ ነው። በ2013 ጃፓኖቹ ናካሴና ካቶ ጂኑን ሲያዩት ሁለት ሆኖ አገኙት። ሁለተኛው ዜኖስ ኦክሲዮዶንቴስ ተባለ። በዐይን አንድ ይመስሉ የነበሩ፣ አስተናጋጅ የተከፋፈሉ ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ሁሉ «ሙቶኒ» ታዲያ የትኛው ነበር?

የስርጭቱን ካርታ እንዲህ ያስቡት። አውሮፓና ሜዲትራንያን፦ ቬስፓሩም፣ በፖሊስቴስ ዶሚኑላና በዘመዶቿ ላይ። በተለይ ጣሊያን፣ ቶስካና ውስጥ በደንብ ተጠንቷል። ሰሜን አሜሪካ፦ ፔኪ፣ በዋነኛነት በፖሊስቴስ ፉስካተስ ላይ፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ደግሞ ፖሊስቴስ አኑላሪስ ላይ ዜኖስ ፓሊደስ አለ። ደቡብ አሜሪካም አለ፤ ዜኖስ ቦናይሬንሲስ ስሙን ያገኘው ከቦነስ አይረስ ነው። ምሥራቅ እስያን ከላይ አይተናል። አውስትራሊያ ውስጥ ከፋሚሊው የሚገርመው ሌላ ጂነስ ነው፤ ፓራጂዮዜኖስ፣ ፓራጂያ በምትባል የአበባ ዱቄት በምትሰበስብ ተርብ ላይ። አፍሪካ ውስጥ ዜኖስ ዛቫታሪ የሚባለው ቤሎኖጋስተር ላይ ይኖራል።

ኢትዮጵያን ለጠየቁት፦ አስተናጋጆቹ አሉ። ቤሎኖጋስተርን ያውቋታል፤ ስሟን ባያውቁ እንኳ። ወገቧ እንደ ክር የቀጠነና የረዘመ፣ ስትበር እግሮቿ ወደ ታች የሚንጠለጠሉ፣ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ወይም ቁጥቋጦ ላይ ቀፎ የምትሰቅል ተርብ ናት። ፖሊስቴስም አለች። ግን አስተናጋጅ አለ ማለት እንግዳው አለ ማለት አይደለም። አገር ቤት ስትሄዱ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሞተች ተርብ ወድቃ ካገኛችሁ ሆዷን እዩት። ቆብ ወይም ቅርፊት ካያችሁ አትጣሏት። ፎቶ ሳይሆን ተርቧ ራሷ ናት ማስረጃ የምትሆነው፤ ከቦታውና ከቀኑ ጋር።

ማስረጃ ያልኩበት ምክንያት በራስዎ ግቢ ይታያል። ፖሊስቴስ ዶሚኑላ፣ የአውሮፓዋ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦስተን አካባቢ ታየች። ዛሬ ብዙ የአሜሪካ ክፍሎች ውስጥ አለች፤ ሜሪላንድም ጭምር። ውቅያኖስ ተሻገረች፤ የአገሯ እንግዳ ግን በብዛት አብሯት አልመጣም። አዲሱ አገር ላይ በፍጥነት የተስፋፋችበት አንዱ ምክንያት ከጥገኞቿ መገላገሏ ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ። ሚሺጋን ውስጥ የተደረገ ንጽጽርም ፔኪ በብዛት የሚያጠቃው የአገሩን ፉስካተስ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ የአፕዎን መልስ ልጥለው የቻልኩት በዚህ ነው። ግን አንድ ነገር ያረጋግጡልኝ። ተርቧ ጥቁርና ደማቅ ቢጫ ሆና አንቴናዋ ብርቱካንማ ከሆነ ዶሚኑላ ልትሆን ትችላለች። ሰውነቷ ቡናማ የበዛበት፣ አንቴናዋም ጠቆር ያለ ከሆነ ፉስካተስን ወይም ቅርብ ዘመዷን ያስቡ። ብርቱካንማው አንቴና መሃሉ ላይ ጥቁር ቀለበት ካለው ሌላ ናት፤ ፖሊስቴስ ኤክስክላማንስ።

ተርቦቹ ለምን ሥራ ፈትተው እንደተቀመጡ አልጠየቁም፤ ግን የታሪኩ ቁልፍ እሱ ነው። የዜኖስ እጭ ሲፈለፈል 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንዲት ሴት ከ3000 በላይ ልትወልድ ትችላለች። እጮቹ በተርብ ተጭነው ቀፎ ይደርሳሉ፣ የተርብ እጭ ውስጥ ይገባሉ። እዚያ የተርቧን የራሷን የቆዳ ሽፋን እንደ ከረጢት ይጠቀለሉበታል። የተርቧ መከላከያ ባዕድ መሆናቸውን እንዳያውቅ የሚረዳቸው ይህ እንደሆነ ይታሰባል። ተርቧ ስታድግ ከውጭ ጤነኛ ትመስላለች። ግን አትወልድም። ቀፎዋንም አትረዳም። የፍሎረንሷ ላውራ ቤያኒና ባልደረቦቿ ቶስካና ውስጥ ያዩት ይህን ነው። የተጠቁት ሠራተኞች ሥራቸውን ጥለው ላሽ ይላሉ። በሞቃቱ ወቅት መሃል፣ እህቶቻቸው ሲለፉ፣ እነሱ ከቀፎ ርቀው ቅጠል ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ ነው የዜኖስ ወንድ ሴት የሚያገኘው። ስብሰባው የተርቦቹ አይደለም፤ የእንግዶቹ ሠርግ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወንድ የወጣባት ተርብ ሆዷ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ይቀራል፤ ብዙም አትቆይም። ሴት የተሸከመችው ግን ትወፍራለች። የብርዱን ወቅት እንደ ንግሥት ተደብቃ ታሳልፋለች። ሠራተኛ ሆና ተወልዳ የንግሥት ኑሮ ትኖራለች፤ ለራሷ ሳይሆን ለእንግዳዋ። ጸደይ ሲመጣ እጮቹን ይዛ ወደ ቀፎ ትደርሳለች። ለዚህ ነው ቆብና ቅርፊቱን ለዩ ያልኩት። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መስከረም ሲገባ ጤነኛ ወጣት ንግሥቶችም ለብርዱ ወቅት ይሰበሰባሉ። የተሰበሰቡ ተርቦች ሁሉ የተጠቁ አይደሉም። ሆዳቸውን አይቶ ነው መፍረድ።

ተርብ ለማጥፋት ልጠቀምበት ላሉት መልሴ አይሆንም ነው። ዜኖስን ያለ ተርብ ማርባት አይቻልም። ወንዱ ለሰዓታት ብቻ ይኖራል፣ ሴቷ ከተርቧ አትወጣም፤ ታሽጎ የሚሸጥ ነገር የለም። የተጠቃች ተርብ አምጥተው ቀፎ አጠገብ ቢያስቀምጡ የሚጨመርልዎት ሌላ ተርብ ብቻ ነው። ጥቃት የደረሰበት ቀፎም ወዲያው አይጠፋም፤ የሚጎድለው ሠራተኛ ነው። ይህን ሐሳብ ሌሎችም አስበውታል፤ ጉንዳን የሚያጠቃው ካኢኖኮላክስ የተባለው የሚርሜኮላሲዴ ወገን በእሳት ጉንዳን ላይ ይሠራ ይሆናል ተብሎ ተጠንቷል። ግን ሴቷ የምታድገው ሌላ ነፍሳት ውስጥ ስለሆነ ሁለት ቤት ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ደግሞም ፖሊስቴስ ጠላት አይደለችም። የጓሮ ጎመን የሚበላ ትል አድና ልጆቿን የምትመግብ ናት። ቀፎው በር ላይ ካልሆነ ይተዉት፤ ውርጭ ሲመጣ ራሱ ይፈርሳል። በር ላይ ከሆነ ወይም ቤት ውስጥ ለንድፊያ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ግን ባለሙያ ጠርተው ያስነሱት፤ ዜኖስን አይጠብቁ።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ። ዜኖስ ሰውን አይነካም፣ ውሻና ድመትንም አይነካም። የተጠቃች ተርብ ግን ትነድፋለች። ፈዛ ስለተቀመጠች በጣት አይንኳት።

አሁን ማድረግ ያለብዎት ይህ ነው። የፎቶዎን መዝገብ «ዜኖስ ቬስፓሩም» ከሚለው ያስተካክሉ። «ዜኖስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብለው ይጻፉ፤ ፋሚሊ ዜኒዴ፣ ኦርደር ስትሬፕሲፕቴራ። አስተናጋጇን ለብቻዋ ይጻፉ፤ አንቴናዋን አይተው። «ፔኪ» ብለው መጻፍ የሚችሉት ተርቧ ፉስካተስ መሆኗ ተረጋግጦ፣ የሴቷን ጭንቅላትና ደረት ወይም ዲኤንኤውን ያየ ሰው ሲኖር ነው። ዝርያውን በእርግጥ ማወቅ ከፈለጉ አንዷን ቆብ ወይም ቅርፊት ያለባትን ተርብ ክዳን ባለው ረጅም ማሰሮ ይያዟት። ማሰሮውን ፍሪዘር ውስጥ አንድ ቀን ያሳድሩት። ከዚያ 95 በመቶ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይክተቷት። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶው ቅርጹን ለማየት ይበቃል፤ ለዲኤንኤ ግን ጥሩ አይደለም። እንግዳውን በመርፌ ለማውጣት አይሞክሩ፤ ሲጎተት ይበጠሳል። በእርሳስ ወረቀት ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የት እንደተቀመጠች ጽፈው ብልቃጡ ውስጥ ያስገቡት፤ እስክርቢቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል። በአቅራቢያዎ ያለ ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ክፍል ወይም ሙዚየም በደስታ ይቀበላል። ተርቧ ብርቱካንማ አንቴና ያላት ዶሚኑላ ሆና ከተገኘች ደግሞ የአገሯ እንግዳ አብሯት መጥቶ ሊሆን ስለሚችል ሳያመነቱ ዛሬውኑ ይላኳት።